የአማቴ ወተትና የእኔ ኪኒን

ሮቤ ውስጥ «በረደኝ» ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ይሳቅበታል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ሹራብ በሹራብ ላይ፣ በዚያም ላይ ጋቢ ደርቤ ስፌት መኪናዬ ላይ ሳንቀላፋ ጥፋቱን ሁሉ በአየሩ አሳብቤ ነበር። ልብስ ሊለኩ የመጡ ደንበኞቼ መጀመሪያ ይቀሰቅሱኛል፤ ከዚያ ይለካሉ። በመጨረሻ ባለቤቴ ጎትቶ ጎባ ሆስፒታል ወሰደኝ። ደሜ ሲመረመር አንገቴ ውስጥ ያለው ታይሮይድ የሚባለው እጢ ሥራውን ችላ ብሎ ተገኘ። ባለቤቴ «እጢዋም እንደ እሷ እንቅልፋም ነው» እያለ ለሰው ሁሉ አወራ። እኔ ግን ስንፍናው የእኔ አለመሆኑን በማወቄ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐኪሙ በየቀኑ የምውጠው ኪኒን አዘዘልኝ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፤ ቁርስ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ቆይታ በኋላ። አማት ለሌለው ሰው ቀላል ትእዛዝ ነው። ከአማቴ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ላማቸውንም ራሳቸው ናቸው የሚያልቡት። መድኃኒት በባዶ ሆድ አንጀት ይቆርጣል ብለው ስለሚያምኑ ኪኒኑን በጀመርኩ ማግስት በትልቅ ኩባያ ወተት ይዘው መጡና እስክውጥ ድረስ ቆመው ጠበቁኝ። በነጋታውም፣ ከዚያም በነጋታው መጡ። ወተት ደግሞ ከልጅነቴ አልወድም። ግን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ገና ጎህ ሲቀድ አልበው ሲያመጡልኝ እምቢ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? ይሉኝታ ያዘኝና ጠጣሁ፤ ለሐኪሙም አልነገርኩትም። ብርዱም እንቅልፉም አልለቅ ሲለኝ የኪኒኑን መጠን ሁለት ጊዜ ጨመረልኝ።

ዓመት ሲሞላው ላሟ ለመውለድ ስለተቃረበች ወተቷ ነጠፈ። አማቴ ይቅርታ ሲጠይቁኝ ያዘንኩ መሰልኩ፤ በልቤ ግን አልሐምዱሊላህ አልኩ። ኪኒኑን በውኃ መዋጥ ጀመርኩ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጋቢው ከበደኝ። ቀጥሎ ሹራቡ። ከከተማው ዳር ያለው የሲናና እርሻ በውርጭ በነጣበት ጠዋት እኔ መስኮት ከፍቼ እሰፋለሁ። ሰው ሁሉ ዳነች አለ፤ እኔም ዳንኩ ብዬ በደስታ ሰከርኩ። የሳምንቱን ሥራ በሁለት ቀን እጨርሳለሁ፤ የጠረግኩትን ቤት መልሼ እጠርጋለሁ፤ ሰው ጠይቆኝ ሳይጨርስ እመልስለታለሁ። ባለቤቴ ያቺን እንቅልፋም ሚስቱን መልሱልኝ ማለት ጀመረ።

ደስታዬ መርፌ ላይ ሲደርስ ቆመ። ክሩ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አለ። ዓይኔ የደከመ መስሎኝ የጎረቤት መነጽር ተዋስኩ፤ በመነጽሩም ያየሁት የጣቶቼን መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር። ቁጭ ባልኩበትም ልቤ ይደልቃል። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ጨርቅ ላይ መቀሱን አሳርፌ፣ መልሼ አነሳሁት፤ እንደገና አሳርፌ አነሳሁት። ያኔ በእውነት ፈራሁ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት ይሄ ነው አልኩ። እጄ ከከዳኝ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ጎባ ሄጄ ደሜ እንደገና ሲታይ መድኃኒቱ በዝቶብኝ ተገኘ። ሐኪሙ ምን እንደለወጥኩ ሲጠይቀኝ የላሟን ነገር ተናዘዝኩ። ወተቱ መድኃኒቱን እየያዘ ወደ ደሜ እንዳይገባ ሲያግደው እንደኖረ፣ መጠኑም የጨመረው በዚያ የተነሳ እንደሆነ፣ አሁን ወተቱ ሲቀር ሁሉም እንደገባ አስረዳኝ። እስካሁን ያከምነው አንቺን ሳይሆን ወተቱን ነው ብሎም ሳቀብኝ። መጠኑን ቀነሰና አዲስ ነገር ሲሰማኝ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ ነገረኝ። ወተቱ ከተመለሰ ግን በሽታውም ይመለሳል።

እጄ እየረጋ ሄደ፤ የሙሽራዋንም ቀሚስ ቆረጥኩት። ነገር ግን ላሟ ወለደች። እንገሩ እስኪያልቅ ቀኑን ስቆጥር ሰነበትኩ፤ አንድ ጠዋት አማቴ ፊታቸው በርቶ፣ ኩባያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። እንደ ቀድሞው ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ ከዚያ መቀሱ ትዝ አለኝ።

«እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ይሄን ወተት መጠጣት የለብኝም» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሐኪሙን ትእዛዝ፣ የእጄን መንቀጥቀጥ፣ በመጨረሻም ወተት አለመውደዴን።

ኩባያውን አስቀምጠው ቀስ ብለው ተቀመጡ። እንባ ወይ ቁጣ ጠበቅሁ።

«ኢንተላ ቲያ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ እኮ የምትወጂው መስሎኝ ነው። ወላሂ፣ በዚያ ብርድ መነሳት ጉልበቴን ገድሎኛል። ብተወው ቅር ይላታል ብዬ ነው የቻልኩት።»

ተያየንና ሁለታችንም ሳቃችን መጣ። ወተቱን ራሳቸው ጠጡት። በማግስቱ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ተነሱ፤ ላሟም ጠበቀቻቸው።