ባክቴሪያ በል እና የባሌ እግር

ባሌ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር፤ እኔ የአማርኛ ነኝ። የተዋወቅነው ገለምሶ ስናስተምር ነው። እሱ እዚያው አቅራቢያ የመሰላ ልጅ ነው፤ እኔ ከወሎ ተመድቤ መጣሁ። ተጋብተን ጭሮ ከተዛወርን በኋላ የሱን ትምህርት ቃላት ወደ አማርኛ መመለስ የሁለታችን ጨዋታ ሆነ። ልጅ ስላልነበረን ለእንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ነበረን። አብዛኞቹ ቃላት አልሆኑልንም። አንዱ ግን ቀላል ነበር፤ ሣር በል፣ ሥጋ በል እንደሚባለው ባክቴሪዮፌጅን «ባክቴሪያ በል» አልነው። ፌጅ የሚለው ቁራጭ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን መብላት ማለት ነው።

«ችግሩ ውሸት መሆኑ ነው» አለኝ ወዲያው። «አፍ የለው፣ ሆድ የለው። በምን ይበላል?»

ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ባክቴሪያው ላይ ይቀመጥና የራሱን ዘር ወደ ውስጥ ይልካል። ባክቴሪያው ከዚያ ወዲያ የራሱን ኑሮ ትቶ የእንግዳውን ልጆች ሲሠራ ይቆያል፤ ሲሞላ ይፈነዳል። ባክቴሪያውን የማያፈነዳ ወገንም አለ፤ ገብቶ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ባክቴሪያው ሲራባም አብሮ ይወረሳል።

ስሙን ያወጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓሪስ ውስጥ ተቅማጥ የያዛቸውን ወታደሮች ዓይነ ምድር ይመረምር የነበረ ሰው ነው። ከሱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ እንግሊዛዊ ነገሩን አይቶት ነበር፤ ስም ግን አልሰጠውም። ቫይረሱን ራሱን ሁለቱም አላዩትም፣ ያን የሚያሳይ መሣሪያ ገና አልተሠራም። ያዩት ባክቴሪያ በሚያራቡበት ሳህን ላይ እንደ ጉም የለበሰው ባክቴሪያ መሐል የጠራ ክብ ቦታ ነው።

«ተባይ የበላው የጫት ቅጠል አይተሽ የለ?» ይለኝ ነበር። «ተባዩ የለም፣ ቀዳዳው አለ። ቀዳዳውን ያየ ሰው ተበላ ይላል እንጂ ሌላ ምን ይላል?»

ይህን ሁሉ የምጽፈው ቃሉ ኋላ ቤታችን ስለገባ ነው።

ባሌ ስኳር ነበረበት። እግሮቹ ከደነዘዙ ቆይተዋል። ቦርደዴ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ የግራር እሾህ ጫማውን በስቶ ገብቶ ኖሮ አልተሰማውም። ያወቅነው ካልሲው ረጥቦ ሳወልቅለት ነው። ጤና ጣቢያ አጠቡት፣ መርፌ ወጋጉት። ቁስሉ ግን አልደርቅ አለ።

ጠያቂው በዛ። በእኛ ዘንድ ታማሚ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ለሱ ደግሞ ስኳርም፣ ቴምርም፣ ለስላሳም አይሆንም። ስለዚህ ሰው ከየቤቱ የተረፈ ካፕሱል ይዞለት መጣ። ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ እዚህ የሚታወቅ ሕክምና ነው። ባሌ ተማሪዎቹን ይህን አታድርጉ ሲል ነው የኖረው። ግማሽ መድኃኒት ባክቴሪያውን አይገድለውም፣ ያስተምረዋል ይላቸው ነበር።

ጎረቤታችን ጫት ነጋዴ ናት፤ በዕድሜ ታላቃችን ስለሆነች አዴ እንላታለን፣ እንደ እናት። ከሥራ ስገባ ከእግሩ ሥር ተቀምጣ ቀይና ቢጫ ካፕሱል በጥርሷ ስትከፍት ደረስኩ።

«አዴ፣ ይሄ ለቁስል አይሆንም» ይላታል እሱ።

«አቦ ተወና! የአህያዬን ጀርባ ያደረቀ ላንተ ያንስሃል?»

«እኔ አህያ ነኝ?»

«አህያማ ስትነግረው ይቆማል! ዘርጋ!»

ሳቀና እግሩን ዘረጋላት። ስትወጣ ተቆጣሁት፤ «ተማሪዎችህ ቢያዩህ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«የሷን እጅ ልመልስ?» አለኝ። «አይሆንልኝም።»

በማግስቱ ሌላ ጎረቤት ነጭ ዱቄት ይዛ መጣች። ለሷም ዘረጋ።

እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲጠቁር ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ባክቴሪያው እኛ ጋ ያሉትን መድኃኒቶች ለምዷቸዋል። ከጉልበት በታች እንቁረጥ። አሁን ከሆነ እርስዎ ይተርፋሉ።»

«ከዱቄቱ ነው?» አልኩ እኔ።

«ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ አሁን ማን ያውቃል።»

ባሌ ስለ ዱቄቱ አልጠየቀም። «ፌጅስ?» አለ።

«እሱን ከትምህርት ቤት ወዲህ ዛሬ መስማቴ ነው» አለ ሐኪሙ።

ባሌ አልጋው ላይ ሆኖ አስተማረው። አንቲባዮቲክ ሳይመጣ በፊት ሰው ይታከምበት እንደነበር፣ አንቲባዮቲክ ሲመጣ ብዙው አገር እንደተወው፣ ጆርጂያ የሚባለው አገር ግን እስከ ዛሬ እንደሚሰጥ። ከዚያ «ጥቂት ቀን ስጠኝ፣ ልጄ» አለው።

ኮሪደር ላይ ሐኪሙን ተከትዬ «ቁረጥልኝ» አልኩት።

«እትዬ፣ አእምሯቸው ደህና ነው። እሳቸው ካልፈረሙ አልችልም።»

ባሌ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያስተምር ሰው አይወድም ነበር። በዴስኮቹ መሐል እየተመላለሰ፣ ያንቀላፋውን ትከሻ እየነካ ነው የሚያስተምረው። አንድ እግር ማጣት ለሱ ክፍሉን ማጣት ነበር። ይህን ስለማውቅ ልጨክንበት አልቻልኩም፤ ለመንኩት እንጂ አልጮህኩበትም።

አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ የድሮ ተማሪው ጋ ደወልን። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ደረቱ ላይ አኖርኩለት።

«መምህር፣ ለሰው የሚሰጥ እዚህ የለም» አለች። «ከውጭ ይምጣ ቢባል እንኳ ለርስዎ ባክቴሪያ የሚሆነው ተፈልጎ መገኘት አለበት። አንዱ ለሌላው አይሠራም።»

«ይሄን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«እኮ! ታዲያ እያወቁት? በአላህ ይሁንብዎ መምህር፣ ይቆረጡ።»

ስልኩን ዘጋው። «ጎበዝ ነበረች» አለኝ። «ሌላ ሰው ደግሞ እንጠይቅ።»

ሌላ ሰው ጠየቅን። ያም ያንኑ ነገረን። ቀኑ ሄደ። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፣ መንቀጥቀጡ መጣ፤ ራሱ እስኪርቢቶ ለመነ። ፊርማው የሱን አይመስልም።

የተቆረጠ አካል አይጣልም፤ ይቀበራል። ወንድሙ እግሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከመስጊዱ በላይ ካለው መቃብር ወሰደው። ባሌ ሲነቃ የጠየቀኝ ስለሱ ነው።

«የት አደረጋችሁት?»

ነገርኩት።

«ጎኑን ለኔ ክፍት ተዋችሁት?»

«አቦ ተው!» አልኩት። ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅኩም፤ ሐኪሙ መርዙ ደም ውስጥ ገብቷል ብሎኝ ነበርና። ከዚያ ብዙ አልቆየም። ቀባሪዎቹ ማንንም ሳይጠይቁ ከእግሩ ጎን ቆፈሩ።

አሁን ኢዳ ላይ ነኝ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በምትጠብቀው ወራት፤ ከቤት አልወጣም፣ ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። ለማጽናናት የሚመጡ ሴቶች በመቃብሩ በኩል ሲያልፉ ትልቁንና ትንሹን ጉብታ ያያሉ። ባለፈው ከገለምሶ የመጣች አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከጎኑ ያለው ሕፃንስ? ልጅም ነበራችሁ?» አለችኝ።

«ልጅ አይደለም፣ እግሩ ነው» አልኳት።

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ቀድሞት ሄደ በይኛ» አለች።

«የለም» አልኳት፤ «ዘግይቶ ነው የሄደው።»