«በእግዜር» የሚል የጠፋ ዕለት

ባሌ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበል አይችልበትም። የገባው ታላቁ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። በሩ ገርበብ ሲል እጆቹ የወንበሩን መደገፊያ ይይዛሉ፣ «ኖር» ይላል፣ ወገቡ እሺ አለም አላለም መነሳት ይጀምራል። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሊንደን በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት አፓርታማ ከእኛ በላይ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የባሌን ነገር ስለሚያውቁ ገና ከኮሪደሩ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ በሞቴ እንዳትነሳ» እያሉ ነው የሚገቡት። ባሌም ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ እንዳለ ተመልሶ ይቀመጣል። ክብሩም ይሰጣል፣ ወገቡም ይተርፋል።

ኖር የሚል ሰው እስከ መጨረሻው ሊቆም አይደለም የሚነሳው። እንዲያስቀምጡት ነው የሚነሳው። መነሳቱ የአንዱ ድርሻ ነው፣ ማስቀመጡ የሌላው። እኔ ድሮ እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም፤ ማሰብ የጀመርኩት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ባሌ የተጎዳው ካናል ዊንቸስተር ካሉት ዌርሃውስ ከሚሏቸው ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ነው። የተከመረ ዕቃ ተንዶ ከግድግዳ ጋር አጣበቀው። ወገቡን አንድ ጊዜ ከፍተው ሠሩት፣ ደግመውም ከፈቱት። ከዚያ ወዲህ ብዙ መቆም አይችልም፣ ብዙ መቀመጥም አይችልም፣ ግራ እግሩ በፈለገው ሰዓት ይከዳዋል። እኔ ዌስተርቪል ውስጥ ቤት ለቤት እየሄድኩ አረጋውያን እንከባከባለሁ። ቀን የፈረንጅ አዛውንት ከአልጋ አነሳለሁ፣ ማታ ገብቼ ባሌን አነሳለሁ። «ከማነሳቸው ሁሉ የማትከፍለኝ አንተ ብቻ ነህ» እያልኩ አበሽቀዋለሁ። እሱም ይስቃል፤ ሳቁም ወገቡን ስለሚያመው ቶሎ ያቆመዋል።

ዲሳቢሊቲ የሚሉት የመንግሥት የጉዳት ክፍያ ሲፈቀድለት የቤት ኪራዩ ላይ እኔ ብቻዬን መንጠልጠሌ ቀረ። ከሁሉ በላይ ግን አብሮት የመጣው የሕክምና ካርድ ነበር የጠቀመን። ወገቡ ላይ የሚወጋው መርፌ አለ፤ መርፌውን ሲያገኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሰው ጋር ይጫወታል፣ ሲያጣው አልጋ ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ እኛ ቤት ዲሳቢሊቲ ማለት ባሌ ተቀምጦ መዋል መቻሉ ነበር።

ከዚያ መንግሥት አሠራሩን ሊያስተካክል ነው ተባለ። ሳይታመሙ የሚበሉ ሰዎች አሉ፣ ሁሉም እንደገና ይታያል አሉ። ማስተካከል የምትለው ቃል እስከ ዛሬ ታናድደኛለች። እኔ ሲስተካከል ያየሁት ነገር የለም። ድሮ ቢሮው ስትደውል ቆይቶም ቢሆን ሰው ያነሳ ነበር፤ አሁን የሚያነሳው ማሽን ነው፣ ማሽኑ ደግሞ እንግሊዝኛዬን አይሰማም። ስሜን ስነግረው «ይቅርታ፣ አልገባኝም» ይለኛል፤ ጮክ ብዬ ስደግምለት ሙዚቃ ይከፍትልኛል። በአካል ስንሄድ ደግሞ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ያለ አፖይንትመንት፣ ያለ ቀጠሮ አይገባም ብሎ መለሰን። አፖይንትመንት የሚያዘው በስልክ ነው።

በመጨረሻ ለባሌ ሪቪው የሚሉት ዳግም ምርመራ ደረሰው፤ እነሱ የመረጡት ሐኪም ያየዋል ተባለ። በሄድንበት ቀን መኪና ውስጥ አደራ አልኩት።

«ሐኪሙ ሲገባ እንዳትነሳ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

«ፕሬዚዳንት ቢገባ እንኳ።»

«ለፕሬዚዳንትማ ማን ይነሳል?» አለኝ። ሳቅን፤ እውነቱን ለመናገር ቀለል ብሎኝ ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስልክ ተከፍቶ በስልኩ ውስጥ አስተርጓሚ አለች፤ የአገራችን ልጅ ናት፣ የት ሆና እንደምትናገር እግዜር ይወቅ። ባሌ ወንበሩ ላይ ጠመም ብሎ ተቀምጧል። በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ገባ። ፀጉሩ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ጎበጥ ያለ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ነው። ወጣት ሐኪም ቢልኩልን ኖሮ እላለሁ ሁልጊዜ። ባሌን አየሁት፤ እጆቹ መደገፊያውን ይዘዋል።

«ኖር» አለ።

ሽማግሌው ቆሞ ያየዋል። በእግዜር የሚል የለም፣ ተቀመጥ የሚል የለም። ባሌ ከፍ አለ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ አሁንም ከፍ አለ። እኔ ክንዱን ልይዝ ስል እሱ ቆሞ ጨርሷል። ጥርሱን ነክሶ ፈገግ እያለ እጁን ዘረጋለት። ሐኪሙም ደስ ብሎት ጨበጠውና ምን እንዳለ ስልኩን ጠየቀ። ልጅቷ ሰላምታ ነው አለችው። ሌላ ምን ትበል፤ ቁጭ በል በለው ልትለው አትችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቶሎ አለቀ። ጎንበስ በል፣ እግርህን አንሳ፣ ያምሃል ወይ። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነበር፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። ይህም ያናድደኛል፤ ክፉ ቢሆን ንዴቴን በእሱ ላይ እወጣው ነበር። ስንመለስ ባሌ መቀመጥ አቅቶት ከኋላ ወንበር ላይ በጎኑ ተኛ። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ አስፋልቱ ጉድጓድ ነው፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ያቃስታል። እኔ ጉድጓዱን ለማለፍ መሪውን ወዲያና ወዲህ አዞርኩ።

ውሳኔው በፖስታ ሲመጣ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ተሽሎታል ይላል። ሥራ መሥራት ይችላል ይላል። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ መርማሪው ሲገባ ያለ ማንም እርዳታ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ፣ በመልካም መንፈስም ሰላምታ ሰጠ የሚል ነው። ጮክ ብዬ በአማርኛ አነበብኩለት፤ እንዲሰማው ፈልጌ ነው።

«ታዲያ ውሸት ነው?» አለኝ።

«እንዳትነሳ አላልኩህም?»

«ሽማግሌ ሰው ገብተው ተጎልቼ ልቆይ? እንደሱ አድርጎ ማን አሳደገኝ?»

እሱ ሐኪሙን አንቱ ይላል፣ እኔ አንተ እላለሁ። እስከ ዛሬ በዚህ አልተስማማንም።

አቤቱታ እስኪታይ ክፍያው እንዲቀጥል መጠየቅ ይቻላል፤ የሚጠየቅበት ጊዜ ግን አጭር ነው። እኔ ማሽኑን ስለማመጥ አለፈ። አቤቱታውን አስገባን፣ ጠብቁ ተባልን፣ ካርዱም ተዘጋ። መርፌው የሚወሰድበት ቀን ደርሶ አለፈ። አንድ ጠዋት ስነሳ ባሌ ከእኔ ቀድሞ ጫማውን ለማሰር ሲታገል አገኘሁት። የድሮ ሥራ ባልደረባው ካናል ዊንቸስተር ቀላል ሥራ አግኝቶለታል፤ ዕቃ ማንሳት የለውም፣ ቆሞ ካርቶን ላይ ስቲከር መለጠፍ ብቻ ነው።

«መቆም አትችልም እኮ» አልኩት።

«ይችላል ብለው ፈርመዋል» አለኝ። ሲያሾፍ ነው፣ ግን አልሳቀም። ጫማውን ተንበርክኬ አሰርኩለት። ኪራዩን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በዚያ ጠዋት የተሰማኝን ውርደት ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ብዙ አልቆየም። ሥራ ላይ እያለሁ ባልደረባው በስልክ ኮል አደረገልኝ። «እትዬ፣ አትደንግጪ፣ ሆስፒታል ነን» አለኝ። ቆሞ ስቲከር ሲለጥፍ እግሮቹ ከድተውት ወድቋል። ግራ እግሩ ብቻ አልነበረም አሁን። ሐኪሞቹ ነርቩ ተጨፍልቋል አሉ፣ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት፣ ከዚያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል አሉ። ጊዜ ይፈልጋል ሲሉ ፊቴን አያዩም ነበር፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ከማይነሱ ሰዎች ጋር ስለሆነ ገባኝ።

ቤት የገባን ሰሞን ጋሼ ሊጠይቁት ወረዱ። ባሌ ሳሎን መስኮቱ ስር አንገቱን ደገፍ ብሎ ተቀምጧል፤ እኔ ነኝ አንስቼ ያስቀመጥኩት። ከኮሪደሩ የጋሼን ከዘራ ሰማሁ። በእግዜር በእግዜር የሚለው ድምፃቸው ግን የለም። የሆነውን ሰምተዋል፣ ለማይነሳ ሰው አትነሳ ማለቱን ፈርተውት ይመስለኛል። ገብተው በሩ ላይ ቆሙ።

ባሌ እጆቹን መደገፊያው ላይ አደረገ። ሁለቱም ክንዶቹ ተገተሩ፣ የአንገቱ ሥር ወጣ። ከወገቡ በታች ያለው ሁሉ እንደተቀመጠ ነው።

«ኖር፣ ጋሼ» አለ።

ጋሼ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ቀስ ብለው መጥተው ሁለት እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉና፣ እየተነሳ ያለን ሰው እንደሚያስቀምጡት ሁሉ፣ ወደ ታች ተጫኑት።

«በእግዜር» አሉት። «በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጥ።»

ባሌም ክንዶቹን አላላ። እኔ ወደ ኩሽና ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።