በልጄ ምሳ ዕቃ የመጣ ጣጣ

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ጊዜው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ልጄን ቦንጋ መዋዕለ ሕፃናት ባስገባሁበት ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው። እሷ እዚያው አስተማሪ ነበረች። ነገሩን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ ብዙ አይደሉም፤ ያሉትም እሷ በነገረቻቸው መንገድ ነው የሚያውቁት። እኔ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ያን ጊዜ ግብርና ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ባሌ ራቅ ብላ ባለችው ቢታ ገነት ያስተምራል፤ ደመወዝ ሲወጣ ብቅ ብሎ ይመለሳል። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጅ የሚይዝልኝ ስላጣሁ ገጠር፣ ማንኪራ ወስጄ ለእናቴ ሰጠኋት። ጥላት ሄደች ያሉ ነበሩ። እነሱ መጥተው አልያዙልኝም። እሑድ እሑድ በእግሬ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር፤ ለልጄ ግን እሑድ የሚመጣ እንግዳ ነበርኩ።

አራት ዓመት ሲሞላት ወደ ከተማ አመጣኋት። የምታውቀው ካፊኖኖ ብቻ ነው፤ አማርኛ አትሰማም። ለእሷ እናት ማለት ማንኪራ የቀረችው አያቷ ነበረች። እኔን በምንም አትጠራኝም፤ ሲርባት ቀሚሴን ትጎትታለች። እስከ ገና ትምህርት ቤቱን ካልለመደች መልሼ ልወስዳት ነው፤ ቢሮዬን ትቼ ቤት መዋል አልችልምና። አንዴ ከተመለሰች ደግሞ የእኔ ልጅ እንደማትሆን አውቀዋለሁ።

ቦንጋ ዝናቡ መስከረም ጠባ ብሎ አይተውም። ጠዋት ጠዋት በጭቃው አዝያት እወርዳለሁ። በሩ ላይ ስንደርስ አጥሩን ሙጭጭ አድርጋ ትይዛለች።

«ሳታይሽ ሹልክ በይ» ትለኛለች የባሌ እህት። «እናት ስትቆም ነው የሚብሰው።»

ሹልክ እላለሁ። ጩኸቷ ከኋላዬ ይከተለኛል። ቢሮ ስደርስ ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ «ዛሬም ልጅ ነው?» ይላል። ከሰዓት ልወስዳት ስሄድ ቀሚሷ በሽንት ርሶ አገኛታለሁ፤ መውጣት ስትፈልግ በአማርኛ መጠየቅ አትችልም። የባሌ እህት ካፊኖኖ ከእኛ የበለጠ ታውቃለች። ክፍል ውስጥ ግን የማትሰማ ትመስላለች፤ የዳኛና የሹም ልጆች አሉና በአገሯ ቋንቋ ማውራት ታፍራለች።

አንድ የገበያ ቀን እናቴ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በጎረቤት እጅ ላከችልኝ። በማግሥቱ ቆርሼ ማር ቀባ አድርጌ በምሳ ዕቃዋ አስያዝኳት። ያን ቀን ስወስዳት ምሳ ዕቃው ባዶ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ቆጮውን እንደለመናትና እንደሰጠችው ነገረችኝ። ከማንኪራ ከመጣች ወዲህ ሳልጠይቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራችኝ ያን ቀን ነው። እጄንም ራሷ ያዘችኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት አጥሩን መያዝ ተወች። እኔም ቢሮ በሰዓቱ መግባት ጀመርኩ።

ብዙም አልቆየ። ልወስዳት ስሄድ የባሌ እህት ልጆቻቸውን ሊወስዱ በመጡ እናቶች መሀል ምሳ ዕቃውን ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ይሄን ሁለተኛ እንዳታስይዣት።»

«ምን አደረገ እትዬ?»

«ክፍሉን አሸተተው። የዳኛው ሚስት፣ ልጄ ቤት ገብቶ ቆጮ ካልሰጣችሁኝ አለ ብላ መጥታብኛለች።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «ለእኛም ቢደርሰን ምናለ» አለች። እንደገና ሳቁ።

«እርስዎም እኮ በሱ ነው ያደጉት» አልኳት።

«እኔ የበላሁት ቤቴ ጓዳ ነው። ይሄ ትምህርት ቤት ነው። ዳቦ መግዣ ካጣሽ ለወንድሜ ልንገርልሽ?»

ዳቦ አስያዝኳት። ዳቦው እንደያዘችው ተመለሰ። ለቅሶውም ሽንቱም ተመለሰ። በዕረፍት ሰዓት መጥቼ ግቢው ውስጥ ላብላት ብዬ ለመንኩ። «ግቢ የምትውል እናት ያላት ልጅ አይለምድም» አለችኝ። ልጄ ከሳች። ይህን አልክድም።

አንድ ዓርብ ልወስዳት ስሄድ ክፍሉ ውስጥ የለችም።

«ልጄስ?»

«አያቷ መጥታ ወሰደቻት።»

«ማን ጠራት?»

«እኔ ላኩባት። ልጅቷ ልታልቅ ነው አልኳት። አንቺን እንደሆነ አልለመደችሽም፤ በግድ ምን ያደክምሻል?»

«እኔን ሳይጠይቁ?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትይ ነበር?»

በር ላይ የቆመው ዘበኛ ፊቱን አዞረ። እኔም ወጣሁ።

በማግሥቱ ማንኪራ ሄድኩ። እናቴ ቡና ትለቅማለች፤ ልጄ ከዛፉ ሥር የረገፈውን ታነሳለች። ስታየኝ ከአያቷ ኋላ ገባች።

«አንቺ ያስላክሽ መስሎኝ ነው እኮ» አለች እናቴ። «ያቺ ሴት፣ ልጅሽ ደክሟታል፣ ከአቅሟ በላይ ሆኖባታል ብላ ላከችብኝ።»

ደክሞኝስ ነበር። ግን አልላክሁም። ልጄን በግድ አልጎተትኳትም፤ ብጎትታት የባሌ እህት «አልለመደችሽም» ያለችውን እውነት ማድረግ ይሆንብኝ ነበር። እሑድ ማታ ብቻዬን ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ልጄን ከባሌ እህት ርቄ ላሳድግ ብዬ ሺሺንዳ ወደምትባል ትንሽ ከተማ እንድዛወር ማመልከቻ አስገባሁ። ኃላፊው «ሰው ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ ነው የሚለምነው» አለኝ። ፈቀደልኝ። ባሌ ሰምቶ ተቆጣ፤ ከእህቱ ጋር እንድታረቅ ሽማግሌ ላከብኝ። ለሽማግሌዎቹ ወንበር ሰጠኋቸው፤ እሺ ግን አላልኳቸውም።

የቡናው ለቀማ እንዳለቀ እናቴ ልጄን ይዛ ሺሺንዳ መጣችልኝ። እስክትለምደኝ ድረስ ሦስታችን አንድ ክፍል ውስጥ ኖርን፤ ከዚያ እናቴ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እዚያ መዋዕለ ሕፃናት አልነበረም። ልጄ አንደኛ ክፍል እስክትገባ ድረስ ቢሮ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ትውል ነበር።

የባሌ እህት ቤት ከዚያ ወዲያ አልገባሁም። ለበዓል ባሌ ብቻውን ይሄዳል። ስትታመምም እሱ ሄዶ ጠየቃት። እኔ አልሄድኩም።