የሙላቴ ቀይ ጨርቅ

ከአዲስ አበባ የመጣችው ወረቀት ለየአውሮፕላን ሜዳው ዘበኞች ሁሉ አንድ ነበረች፤ «ሜዳው ከረጠበ አውሮፕላን አይውረድ» ትላለች። ረጠበ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን አልተናገረችም። ስለዚህ ያንዱ ሜዳ ዘበኛ ጤዛ ባየ ቁጥር «አትውረድ» የሚለውን ቀይ ጨርቅ ይዘረጋል፤ ሌላው ደግሞ ውሃ እስኪያቁር ድረስ «ውረድ» የሚለውን ነጩን አያነሳም። አብራሪዎቹ አሳራቸውን አዩ። ነጭ ቢዘረጋላቸው እንኳ ሳያምኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረው፣ ሣሩን በዓይናቸው መርምረው ነበር የሚወርዱት።

የደብረ ታቦሩ ዘበኛ ሙላቴ ገበሬ ነው፤ ወረቀቷን የተረጎመው በበቅሎው ነበር። አውሮፕላን በሚመጣበት ጠዋት አንድ ኩንታል ገብስ ጭኖባት ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነዳታል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የኮቴዋን ዱካ ይከተላል። ዱካው ውሃ ከቋጠረ ቀይ፣ ካልቋጠረ ነጭ። በቃ። የአውራጃው አስተዳዳሪ ቢቆጣም ፍንክች አይልም።

በ1970 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሚስቱ እቴነሽ ምጥ ይዟት ሁለት ቀን ሆናት። ሐኪሙ «ጎንደር ሄዳ በቀዶ ጥገና ካልወለደች አትተርፍም» አለ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፤ የቀረው የዚያን ቀን አውሮፕላን ብቻ ነበር።

በቃሬዛ አምጥተው ሜዳው ዳር አሳረፏት። ሙላቴ በቅሎዋን ነዳ። ታችኛው ጫፍ ላይ ዱካው ውሃ ቋጥሯል።

«ላይ ላዩን ደርቋልኮ!» አለ ወንድሟ አያሌው። «ነጩን ዘርጋ! እህቴን ልትገድላት ነው?»

«ጎማው ከሰመጠ ይገለበጣል፤ ውስጡ ሰው አለ» አለ ሙላቴ።

እቴነሽ ከቃሬዛው ቀና አለች። «ዱካው እንዴት ነው?»

«ቋጥሯል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቀዩን ዘርጋ።»

ሙላቴ አሥር ዓመት አብራው የኖረችውን ሚስቱን ያን ጊዜ ገና ያወቃት መሰለው፤ ፈራትም። ቀዩን ዘረጋ። አውሮፕላኑ መጣ፣ አንዴ ዞረ፣ ሄደ። አያሌው ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ፀሐይ ወጣች፤ ከጉና ተራራ በኩል ነፋስ ነፈሰ። ሙላቴ በየሰዓቱ በቅሎዋን ነዳ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዱካው ውሃ መቋጠሩን ተወ። ለማን እንደሚዘረጋ ሳያውቅ ነጩን ዘረጋ። ብዙም ሳይቆይ ሞተር ተሰማ።

አብራሪው ካፒቴን ካሳሁን ሁለት ጊዜ ዞሮ ወረደ። «ጠዋት ቃሬዛ አይቼ ነው፤ መንገደኞቼን ባሕር ዳር አራግፌ ተመለስኩ። የማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት።»

ካፒቴኑ ቆቡን አወለቀ። «ሚስትህ እዚህ ተኝታ ነው ቀይ የዘረጋኸው?»

«ቋጥሮ ነበራ!» አለ ሙላቴ።

እቴነሽ ከወር በኋላ ወንድ ልጅ ታቅፋ በካፒቴኑ አውሮፕላን ስትመለስ፣ ሙላቴ ነጩን ዘርግቶ እንደወትሮው አውሮፕላኑ እስኪዞር ቆሞ ጠበቀ። ካፒቴን ካሳሁን ግን ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ደብረ ታቦር ላይ ነጭ ካየ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር።