የቤዝቦል ተጫዋቹ በወንድሜ ቦታ

ወንድሜ ከጣና ማዶ ደልጊ፣ አክስታችን ዘንድ ሊሸሸግ በሄደ ማግስት እናቴ የእሱን ፎቶዎች በሙሉ አቃጠለች። አብዮት ጠባቂዎቹ ስሙን ይዘዋል፤ መልኩን ግን አያውቁትም። ፎቶ ካገኙ ደልጊ ድረስ ወርደው ይለቅሙታል።

የቀረን ችግር ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ የፎቶ መስታወት ነበር። ዘመድ ሁሉ በአንድ ፍሬም ተደርድሮ የወንድሜ ቦታ ብቻ ባዶ ሆነ።

«ባዶውን ሲያዩ የማን ነው ማለታቸው አይቀርም» አለች እናቴ። ዓይኗ በእኔ መጽሐፍ ላይ አረፈ።

መጽሐፌ ውስጥ ለዕልባት የማደርገው ካርድ ነበር። ከአብዮቱ በፊት እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ ለወንድሜ የሰጠው ነው፤ ያኔም ጠርዙ የተላላጠ አሮጌ ነበር። ጠይም የቤዝቦል ተጫዋች ኮፍያ ደፍቶ፣ ዱላውን ወገቡ ላይ አጋድሞ፣ ፀሐይ እንደመታው ሰው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያያል። እኔ ትምህርት የጀመርሁት እኩዮቼ ልጅ ባዘሉበት ዕድሜ ነው፤ እንግሊዝኛውንም የፈታሁት ከዚያ ካርድ ጀርባ፣ መዝገበ ቃላት እየገለጥሁ። በግራ ይመታል፤ በቀኝ ይወረውራል፤ ጨዋታ በሌለበት ወራት ከአባቱ ጋር ጣሪያ ይሠራል ይላል።

«ይኼ እኮ ወንድሜን አይመስልም፤ ጆሮው ራሱ...» ብዬ ሳልጨርስ በመቀስ ከደረቱ ላይ ቆረጠችው። ፊቱን በዱቄት ሙጫ ካርቶን ላይ ለጥፋ ከዘመዶቻችን መካከል አስገባችው። እጁን፣ ዱላውንና ስሙን የያዘውን ግማሽ እሳት ውስጥ ልጨምረው ነበር፤ አሳዘነኝና መጽሐፌ ውስጥ መለስሁት።

በሳምንቱ ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ ፍራሽ ሲገለብጡ፣ ከሌላ ቀበሌ የመጣው አለቃቸው መስታወቱ ፊት ቆመ።

«ልጅዎ ይኼ ነው?»

«እሱ ነው፣ ጌታዬ» አለች እናቴ። እንባዋ የምር ነበር።

«ባለቀለም ፎቶ? የት ተነሣው?»

«አዲስ አበባ ሄዶ ነው ቀለም ያስቀባው። ለመልኩ ሲሆን ዓለሙን ይሰጣል።»

«ኮፍያውስ?»

«የኳስ ነው። ልጄን ያጠፋብኝ ይኸው ኳስ አይደል?»

ከወጣቶቹ አንዱ ሳቀ። «ቆንጆ ነው እኮ! ከማን ወረሰው?»

«ከአባቱ ነው። እኔን አይተህ አትፍረድበት።»

አለቃው አልሳቀም። ፍሬሙን አውርዶ ፊቱን ከነካርቶኑ ቆረጠና ኪሱ ከተተው። ቀጥሎ ወደ መጽሐፎቼ ዞረ። በጀርባቸው እየያዘ አንድ በአንድ ያራግፋቸው ጀመር። ግማሹ ተጫዋች ከሥር ባለው መጽሐፍ ውስጥ ነው። መሬት ከወደቀ ማሊያው ኪሱ ካለው ፊት ጋር ይገጥማል፤ ስሙም በግልጽ ተጽፏል። እናቴ ፊቴን አየችና ገባት።

መጽሐፉን ቀድሜ አነሣሁት።

«ጓድ፣ ይኼ የማታ ትምህርት መጽሐፌ ነው። ስፌቱ ላልቷል፤ ገጹ ይበተንብኛል።»

«በዚህ ዕድሜሽ?» አለ። «ካነበብሽማ አንብቢ፤ እንሰማሽ።»

መጽሐፉ በራሱ ካርዱ ያለበት ገጽ ላይ ተገለጠ። አውራ ጣቴን በስሙ ላይ ጫንሁ። ትምህርቱ ስለ ወባ ትንኝ ነበር፤ ካርዱ የሸፈናቸውን መስመሮች በቃሌ ስለማውቃቸው ሳልደናቀፍ ወጣሁ። እንቁላሏን በረጋ ውሃ ላይ እንደምትጥል ሳነብ የአለቃው ጫማ ድምፅ ወደ ኋላዬ ዞረ። ትንፋሹ ትከሻዬ አጠገብ ሲደርስ ገጹን ከነካርዱ ገለበጥሁትና በእጄ ተጫንሁት።

«ልቀጥል፣ ጓድ?»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

«በቃ» አለ አለቃው። «ሴቶቻችን እንዲህ ሲነቁ ደስ ይላል።»

ከበሩ እንደራቁ እናቴ ግማሹን ነጥቃኝ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

«ፊቱ ሄዶ እጁን ምን ልታደርጊለት ነው?» አለችኝ።

ወንድሜ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ የቀረውን ነገረኝ። ደልጊ መረብ ሲጠግን ሁለት ታጣቂዎች ከጀልባ ወርደው ፎቶ አሳዩት። «ይኼን ሰው ታውቀዋለህ?» አሉት። ሰውየውን ወዲያው ለየው። የእናታችንን መቀስም ከጠርዙ ለየው፤ ጥርሱ የተሸረፈ መቀስ ነው።

«ምን አልሃቸው?» አልሁት።

«እውነቱን ነዋ። በዚህ አልፎ አያውቅም አልኋቸው።»