ልጅቷ ትናገር

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ፣ በመንደራችን ሸንጎ ባለጉዳዩ ሳይናገር ፍርድ አይሰጡም ነበር።

አዲሱ መምህር ልጆቹን ከክፍል አውጥቶ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ሁለት ዓይነት ገብስ እያስዘራ፣ የትኛው ውርጭ እንደሚችል አስተውሉ ማለት በጀመረ ጊዜ፣ ወላጅ በቁጣ ተሰበሰበ። ልጄ ብድግ ብሎ፣ "ዶማውማ እቤቷም አለ! ፊደል ትቁጠር ብዬ ነው የላክኋት። ከነገ ጀምሮ አትመጣም!" አለ። የልጅ ልጄ ነጠላዬን ጨብጣ አጠገቤ ቆማለች።

ጋሼ ዘወትር ከሚቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሡ፣ "ተማሪው አንተ ነህ ወይስ እሷ? ልጅቷ ትናገር" አሉ።

"ደግሞ ሕፃን ሸንጎ ላይ!" አለ አንዱ።

"ሸንጎው የተጠራው በማን ነገር ሆነና?" አሉት።

ልጅቷ ነጠላዬን ሳትለቅ፣ "እቤት አርሚ ስባል አርማለሁ። እዚህ ግን ለምን ብዬ ስጠይቅ የሚቆጣኝ የለም" አለች። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄደች።

ጋሼን ከቀበርን ወዲህ የመጀመሪያው ስብሰባ ትናንት ተጠራ። ሽማግሌዎቹ የትምህርት ቤቱ ጓሮ ለበግ ግጦሽ ይሁን ብለው ሊወስኑ ሲሉ የጋሼን ድንጋይ አየሁት፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ተነሣሁና፣ "ልጆቹን ማን ጠየቀ?" አልኩ።

"እማማ፣ ይልቅ ይቀመጡ" አሉኝ።

ሄጄ የጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።