ሲስተር ጫልቱ ባለቤቴን አልገደለችም

ጠዋት ጎረቤቴ ደውላ «ጫልቱ አረፈች» ስትለኝ «የትኛዋ ጫልቱ?» አልኳት። ሌላ ጫልቱ እንደሌለችኝ እያወቅሁ።

ሐሙስ ዕለት ላፍቶ ታክሲ ተራ ተገናኝተናል። ሽንኩርት ተሸክማ ነበር። ከስተዋል፣ ይብሉ እንጂ ብላ ተቆጣችኝ። ዛሬ ልቧ ድንገት ቆመ ይላሉ። ይበሉ። እኔ ገና አላመንኩም።

እዚህ ገጽ ላይ የሰው ጽሑፍ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ከሞቷ ዜና ሥር አንድ ዘመዳችን «ነፍስ ይማር፤ የግርማን ነገር እግዜር ያውቃል» ብሎ ጽፎ አየሁ። ግርማ ባለቤቴ ነው። ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው። የእሱን ነገር የሚያውቀው እግዜር ብቻ አይደለም። እኔም አውቃለሁ።

ግርማ ለቡ አንድ ሕንፃ ላይ ግንበኛ ነበር። ሚስማር እግሩን ወጋው፤ አበጠ፤ ትኩሳት ያዘው። ሆስፒታል ስናደርሰው ራሱን አያውቅም ነበር። ደሙ ተመርዟል፣ ሴፕሲስ ነው አሉንና ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት። ነርሷ ጫልቱ ነበረች።

የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ቶሎ ሰጡት። በማግስቱ ግን ያንኑ መድኃኒት ግሉኮስ ውስጥ አድርገው ለአራት ሰዓት ያንጠባጥቡለት ጀመር። በእኩል የሚያንጠባጥበው ማሽን ለሁሉም በሽተኛ ስለማይበቃ ጫልቱ የእጅ ሰዓቷን እያየች ጠብታ ትቆጥራለች። ባልደረቦቿ «የጠብታ ሹም» ይሏታል። «ሹም ካላችሁኝ ወንበር አምጡልኝ» ትላቸዋለች።

የግርማ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተሾመ አልሳቁም። አጠገቡ የተኛው ሰው በአንድ መርፌ ሲወስድ የእኛው በጠብታ የሆነው ተስፋ ቢቆርጡበት ነው አሉኝ። እኔም አመንኩ። እኛ ዘንድ መድኃኒት ማለት ተወጋ፣ አለቀ ነው። ቀስ ያለ ነገር ሁሉ የተረሳ ይመስለናል።

ጫልቱ ሳታስረዳን ቀርታ አይደለም። አባቷ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ላይ ጤፍ የሚዘሩ ገበሬ ነበሩ፤ የምትናገረውም እንደ እሳቸው ነው። «እትዬ አስካለ፣ ዶፍ መሬቱን አጥቦ ይሄዳል፤ ካፊያ ግን ይሰርጋል። ይሄ መድኃኒት የሚሠራው ደም ውስጥ ሲቆይ ነው። ቸኩሎ የገባ፣ ቸኩሎ ይወጣል» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁላት። አልገባኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለጥየቃ ብቻዬን ገባሁ። ጫልቱ ሌላ በሽተኛ ጋ ነበረች። ቱቦው ላይ ጠብታውን የምትይዘዋን ትንሽ ማሽከርከሪያ እስከ ጥግ ለቀቅኋት። ጠብታው ውሃ ሆኖ ወረደ። የአራት ሰዓቱ መድኃኒት በደቂቃዎች አለቀ። ለባሌ የታገልኩለት መስሎኝ ደስ አለኝ። ይሄን መጻፍ ከሁሉም ይከብዳል፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጫልቱ መጥታ ባዶውን ከረጢት አየች። ከዚያ እጄን አየች።

«ነኩት?»

«አልነካሁም» አልኩ።

ሐኪሙን ጠርታ የሚቀጥለውን መድኃኒት መጠንና ሰዓት እንደገና አሰሉ። ግርማ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ጋሽ ተሾመ፣ በጠብታ ወንድሜን ገደለችው ብለው ከሰሷት። እሷ መዝገቡ ላይ «ከታዘዘው ፍጥነት በላይ ገብቷል» ብላ ጽፋለች፤ ማን እንደነካው ግን አላየችምና አልጻፈችም። ስትጠየቅም መጠበቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ አለች። ከክፍሉ አንስተው ለወራት ካርድ ክፍል አስቀመጧት። እኔ ጥቁር ለብሼ ቤቴ ዝም አልኩ።

ለአርባው መጣች። ጓዳ አስገብቼ ነገርኳት። ገደልኩት ወይ አልኳት። ሌላ ሰው ቢሆን አይዞሽ ብሎ ያልፈዋል። እሷ ግን፦

«አልገደሉትም ብዬ አልምልልዎትም። ገደሉት ብዬም አልልም፤ ሲመጣም በጣም ተጎድቶ ነበር። የማላውቀውን እንዴት ልንገርዎት?»

እስከ ዛሬ ያቆመኝ ያ መልስ ነው። ማባበያ ቢሆን ኖሮ አላምነውም ነበር። ሄጄ ለአለቆችሽ ልናገር ስላት «እሱ የእርስዎ ፋንታ ነው» አለች። አልሄድኩም።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብን የለቀምኩት ከልጆቼ ደብተር ነው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ በሽታ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ያልገባኝን ጫልቱ ሃይሌ ጋርመንት ሰፈር ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ትፈታልኝ ነበር። ወደ ክፍሏ የተመለሰች ሰሞን አንድ ወረቀት አምጥታ «ያንብቡልኝ» አለችኝ። ከየግሉኮሱ ጎን ልትለጥፈው ነው። «መድኃኒቱ በተራዘመ ጊዜ የሚሰጥ በመሆኑ መንካት ክልክል ነው» ይላል።

«ይሄ ተለጥፎ ቢሆንም እነካው ነበር» አልኳት።

ሳቀችና እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቀስ የሚለው በሽተኛችሁ ስለተረሳ አይደለም። እንዲድን ነው። አትንኩት፤ ጠይቁን።» አንድ ቃል ሳትቀይር ለጠፈችው። ያቺ ወረቀት ስንት እጅ እንደመለሰች አላውቅም። እኔ ዘንድ ግን አንድም ብትመልስ ትበቃለች።

እንግዲህ ጋሽ ተሾመ፣ ማሽከርከሪያዋን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። የወንድምዎ ሚስት። የሚከሱ ከሆነ እኔን ይክሰሱ፤ ቤቴን ያውቁታል። ዕድር ላይ ተነስተሽ ተናገሪ ካላችሁም እነሳለሁ። የሞተ አይነሳ፣ አሁን ምን ያደርጋል፣ ዝም በይ የምትሉኝ አትድከሙ። ዝምታውን ሞክሬዋለሁ። ዋጋውን የከፈለችው እሷ ናት።

ጫልቱ፣ ነገ ድንኳንሽ እገባለሁ። ይህንኑ እናትሽ ፊት ቆሜ በአፌ እናገራለሁ። ካስወጡኝ በር ላይ እቆማለሁ፤ ሲሸኙሽ ከኋላ እከተላለሁ። ከዚያ ማንም አይመልሰኝም።

ይቅርታ አልለምንሽም፤ እሱን በሕይወት ሳለሽ ሰጥተሽኛል። እኔ ላይ የቀረው ስምሽ ነበር። ይኸው፣ ዘግይቼ አመጣሁልሽ።

ደህና ሁኚ፣ ልጄ።